የሁለት ሽቦ ትምህርት

አባቴ ከድሩ፣ ሰመራ ባለው ሱቃችን ውስጥ ዘይት የሚገዛውን ሁሉ «የኔ ልጅ ኢንጂነር ነው» ሳይል አይሸኝም። ልጁ ታላቅ ወንድሜ አብራር ነው፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራል። እኔ ፋሪሃ ግን ልጁ አይደለሁም መሰለኝ። አሥረኛን እንደጨረስኩ «ሱቁን አንቺ ያዢ፣ እሱ ይማር፤ የሱ ትምህርት ለሁላችሁም ይተርፋል» ተብዬ ከባንኮኒ ጀርባ ቀረሁ። እዚያው ሆኜ የተበላሸ ሞባይል መጠገን ለመድኩ።

ዘንድሮ አዋሽ ወንዝ ዳር የጎርፍ መለኪያ የሚተክል ድርጅት ቴክኒሻን እንደሚፈልግ ሰማሁ። ዲግሪ አልጠየቁም፤ ፈተናው በእጅ ነው። የውሃውን ከፍታ የሚያነበውን ሴንሰር፣ ቁጥሩን ከሚቀበለው ትንሽ ቦርድ ጋር አገናኝቶ ማነጋገር ነው። ከባንኮኒው የምወጣበት በር ይኼ ብቻ ነበር።

ብየዳውን እችላለሁ። የማላውቀው ንግግሩን ነው፤ ሁለቱ ዕቃዎች በሁለት ቀጭን ሽቦ ምን እንደሚባባሉ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር። አይ-ቱ-ሲ ይሉታል። ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ የሚያስረዱት ህንዶች ናቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ፤ ኔትወርኩ ደግሞ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ይቆማል። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት መጽሐፍ የማላውቀውን እንደማውቅ ቆጥሮ ይጀምራል። የምፈልገው ከየት ልጀምር ብዬ የምጠይቀው ሰው ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ። አብራር በደወልኩ ቁጥር «ክላስ ላይ ነኝ» ይለኛል።

ፈተናው ሲቃረብ ሱቁን ለአባቴ ትቼ በሚኒባስ ሄድኩበት። ገዋኔን አልፈን አዋሽ እስክንደርስ ሙቀቱ ቀቀለን። አብራር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ምሳ ጋበዘኝ፤ ስለ አባታችን ጤና ጠየቀኝ፤ ስለ ሱቁ ጠየቀኝ። ለልምምድ የገዛሁትን ቦርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንስቶ ገለባበጠው። አያያዙን ሳይ ጠረጠርኩ።

«ፋሪሃ፣ እኔ ይኼን ነገር አላውቀውም» አለኝ።

የቡድናቸውን የመመረቂያ ሥራ ሌላ ሰው እንደሠራላቸው፣ እሱ ስሙን ብቻ እንዳስገባ፣ አሁንም የሚያስተምረው ስላይድ እያነበበ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ለሚቀጥለው ተርም ደግሞ ይኼንኑ ኮርስ ሰጥተውታል። እንደዚያን ዕለት ተናድጄ አላውቅም። ለእሱ ሲባል እኔ የቀረሁበት ትምህርት እሱም ጋ የለም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝና በመስኮቱ በኩል «አብሽሪ» አለኝ። «ጥሩ መጽሐፍ ካገኘሽ ለኔም ላኪልኝ።»

ሰመራ ስገባ አባቴ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«አስተማረሽ?» አለኝ።

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳየው ግን አልቻልኩም። ሁሉንም አስረዳኝ አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

ፈተናው ላይ ብየዳዬን ፈታኙ ራሱ አደነቀው። ስክሪኑ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ለካ እያንዳንዱ ዕቃ የሚጠራበት አድራሻ አለው፤ በዚያ ካልጠሩት አይመልስም። ይህን ያወቅኩት ፈታኙ ዕቃውን እየሰበሰበ ሲነግረኝ ነው። አንድ አፍ የማይሞላ ነገር ነበር፤ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ወደቅሁ።

አባቴ አልተቆጣኝም። ከጎኑ አስቀመጠኝና ትከሻዬን ይዞ፣ በፍቅር ነው የተናገረው፦

«አትዘኚ ልጄ። ወንድምሽን የሚያህል ሰው አስተምሮሽ ካልገባሽ፣ ድሮም አንቺን ሱቅ ማስቀመጤ ትክክል ነበር።»