ነጭ ለባሿ ለቀስተኛ

«ደግሞ መጣች!» አለች አስካለማርያም፣ ወደ አልታየሽ ጆሮ ጠጋ ብላ። «ያቺ ህንድ። ዛሬም ነጭ በነጭ ሆና!»

ባሏ የሞተባት አልታየሽ ቀና አላለችም። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች በነጠላዋ ጫፍ ሥር ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ሴትዮዋ ስድሳን የተሻገረች ቀጭን ናት። ጫማዋን ውጭ አውልቃ ገባችና በሩ አጠገብ ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ወዲያው እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርድ ጀመር። ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሻይ ሲሰጧት አትጠጣም፣ ንፍሮ ሲያዞሩላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትመልሳለች።

«እህል የማይቀምስ ለቀስተኛ ዛሬ አየሁ» አለች አስካለማርያም። የሟቹ የገብረመድኅን ታናሽ እህት ናት፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም። «እኔ ምን አገባኝ! ግን ወንድሜ ለእሷ ምኗ ነው?»

ይህን ጥያቄ አልታየሽ ቀድማ ጠይቃዋለች። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አራት ዓመት ሙሉ በልቧ ስትጠይቀው ኖራለች።

ገብረመድኅን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚሁ ዊልስደን ሰፈር የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ይተኛል አይደል? እሱ ግን በየማለዳው «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ውልቅ! ሲመለስ እጅጌው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በሎንዶን ከተማ፣ በዚያ ማለዳ፣ የምን ቅቤ ነው? አናቷን ቅቤ የተቀባች ሴት ካልታቀፈ በቀር ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ደግሞ እጁ ላይ ቀይ ክር አስሮ መጣ። «ለቁርጥማት ነው» አላት። መስከረም ሲሆንማ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላም ይጠፋል። አልታየሽ አንድም ቀን አልተከተለችውም። ብትከተለው የምታየውን ፈራች።

አሁን የሴትዮዋን ፀጉር አየችው። አንድ ረጅም ጉንጉን ነው፣ ወዙ ያብለጨልጫል። በቃ፣ አለች በልቧ፣ አገኘኋት።

ገብረመድኅን ከሞተ ሰባት ቀኑ፣ ከተቀበረ ሁለተኛው ነው። በእነዚህ ቀናት ከአልታየሽ ዓይን ጠብ ያለ እንባ የለም። ሰዉ «ድንጋጤ ነው፣ ተዉአት» ይላል። ድንጋጤ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረችውን ባሏን ልታለቅስ አፏን በከፈተች ቁጥር፣ የማን ባል ነው የማለቅሰው የሚል ጥያቄ ይቀድማታል። ይህን ሳታውቅ አርባውን ማውጣት እንደማትችል ገባት።

ልጇን ጊዲዮንን ወደ ጓዳ ጠራችው። «ያቺን ሴትዮ ታውቃታለህ?»

«የስ፣ ዳዲ ጋ አይቻታለሁ። ማንጁላ ነው ስሟ። ቤታቸው ከሃይ ሮዱ ጀርባ ነው። ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሊቭ ኢት፣ ተዪው።»

ልጁም ያውቃል! ነገሩ ይበልጥ አንገበገባት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከፍራሹ ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀች። አስካለማርያም ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ሐዘንተኛ ለቀስተኛውን ጥሎ ይወጣል እንዴ? ጉድ እኮ ነው! ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል» አለች አልታየሽ። «ጊዲ፣ ቤቷን አሳየኝ።»

ቤቱ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ የቀይ ሸክላ ቤት ነው። በጎኑ ባለች ጠባብ መተላለፊያ በኩል፣ ጓሮው ውስጥ ጉልላት ያላት ትንሽ ነጭ ቤት ትታያለች። የመተላለፊያዋ በር ተቆልፎ ወረቀት ተለጥፎበታል። አልታየሽ ጣቷን እያስከተለች አነበበችው፦ በቤተሰባችን ሞት ስለደረሰ መቅደሳችን ለአሥራ ሦስት ቀን ተዘግቷል፤ የዘንድሮው የዘጠኙ ቀን በዓል አይከበርም።

ጊዲዮንን መንገዱ ላይ ትታ የቤቱን በር አንኳኳች፤ ማንጁላ ከፈተች። ሁለቱ የሚግባቡት አውቶቡስና ክሊኒክ ባስተማራቸው እንግሊዝኛ ነው።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለች አልታየሽ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

ማንጁላ ግራ ገብቷት አየቻት። «ጌብሪ ነዋ!»

«የእኔ ባል?»

«አዎ፣ ያንቺ ባል። ግቢ፣ ብርድ ነው።»

«አልገባም። እዚሁ ንገሪኝ። ቅቤው ምንድነው?»

ማንጁላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። አልታየሽ እንደቆመች ቀረች።

«በድሮ ጊዜ» አለች ማንጁላ፣ «የባሌ ቅድመ አያት በረሃብ አገሩን ለቆ ሲሰደድ፣ የቤተሰባችን እናት አምላክ ‹ከኋላህ እከተልሃለሁ፣ ዞረህ ግን እንዳታይ› አለችው። የእግሯን አልቦ ድምፅ እየሰማ ሄደ። ባሕር ዳር ሲደርስ አሸዋው ድምፁን ዋጠው። ቀረች ብሎ ፈራና ዞሮ አየ። እሷም ‹እንግዲህ እዚሁ እቀራለሁ። ከመብራቴ እሳት ይዘህ ሂድ፤ እሳቱ ባለበት አለሁ› አለችው። ከዚያ ወዲህ በየሄድንበት፣ ካምፓላም እዚህም፣ በየማለዳው መብራቱን እናበራለን። የሚበራው በቅቤ ነው። ሞት የገባበት ቤተሰብ ግን አሥራ ሦስት ቀን መብራቱን አይነካም። የውጭ ሰው መጥቶ ያበራል። አማቴ ስትሞት፣ ባሌ የሥራ ባልደረባውን ጌብሪን ለምኖ አመጣው። ከአራት ዓመት በፊት ባሌ ራሱ ሲሞትም እሱ መጣ። ከዚያ በኋላ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ልጆቼ ደግሞ ሩቅ ናቸው። ‹ሹፌር ነኝ፣ በማለዳ መንቃት ለምዶብኛል› ብሎ ቀጠለ። ክሩንም እኔ ነኝ ያሰርኩለት፣ እንደ ወንድም።»

አልታየሽ አንድ የቀረ ጥርጣሬ ነበራት፤ እሱም ከመጀመሪያው አያንስም። «ሰግዷል?»

«በጭራሽ! ደጃፉ ላይ ቆሞ መጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል» አለችና ማንጁላ አማተበች። ግራና ቀኙን አፋልሳ፣ አገጯን ነክታ፣ ጨርሳ አበላሸችው። «ከዚያ አብርቶ ይወጣል። በዘጠኙ ቀን በዓል ደግሞ ውጭ ቆሞ የእንግዳ ጫማ ይደረድራል።»

አልታየሽ ያንን ማማተብ ስታይ ማንጁላ አጠገብ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ለምን ደበቃት? ለምን እንደሆነ አወቀችው። ከዓመታት በፊት ከሥራ ጓደኛው በዓል አንድ ሣጥን ጣፋጭ ይዞ ሲመጣ፣ «የጣዖት ምግብ ቤቴ አይገባም!» ብላ ከነሣጥኑ ቆሻሻ ውስጥ ጥላበታለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጓደኛው ቤት አንስቶ አያውቅም።

«እኔን ፈርቶ ነው» አለች በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን። «ወይኔ ገብርዬ! እኔን ፈርቶ!» እንባዋ መጣ። ስምንት ቀን የተጠራቀመው ሁሉ መጣ።

ሲወጣላት ቀና አለች። «መብራቱስ? አሁን ማን ያበራዋል?»

«ጠፍቷል። ልጆቼ ‹ዘመዳችን አይደለም፣ መብራቱንም እናብራ፣ በዓሉንም እናክብር› አሉኝ። ‹አባታችሁ የሞተ ጊዜ በየማለዳው የመጣው ማነው?› አልኳቸው። ዘመድ ነው አልኩ፣ ዘጋሁት። ነጭ የለበስኩትም፣ ሐዘን ቤት እህል የማልቀምሰውም ለዚያ ነው፤ በእኛ ደንብ የሐዘን ልብስ ነጭ ነው። የውጭ ሰው እንጥራ ቢሉም የምንጠራው እሱን ነበር።»

ቀትር ላይ ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሁለቱ ሴቶች አብረው ሲገቡ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ማንጁላ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር ስታመራ፣ አልታየሽ ክንዷን ይዛ ወደ ቤተ ዘመዱ ፍራሽ ወሰደቻት።

«አስካለ፣ እስቲ ጠጋ በይ።»

«እሷ? እዚህ?»

«ጠጋ በይ አልኩሽ።»

አስካለማርያም እያጉረመረመች ተጠጋች። ከኬንቲሽ ታውን የመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ተክለአብ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፍራሹ ፊት ጎንበስ አሉ። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉ ለአልታየሽ፤ ወደ መቀመጫቸው ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«አባባ፣ ለእሷም ይበሉላት። እሷም ሞቶባታል።»

አቶ ተክለአብ ነጭ ለባሿን ለአፍታ አዩአት። ከዚያ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከበፊቱ ይበልጥ ዝቅ ብለው፣ «እግዜር ያጥናሽ» አሏት።