የገደቧ አክስት ለቅሶ

ዲላ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት በማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ ስትፈጥን ከታየች፣ ለቅሶ እየሄደች ነው። ሌላ ምክንያት ማን ይሰጣታል? ለጤናዬ ነው ብትል ሰው ይስቅባታል፤ ባለባጃጁም ቆሞ "እማማ፣ ግቡ" ይላታል። ጽጌማርያም ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ጥፋቷም ከዚሁ መጣ።

ጽጌማርያም ገበያው አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ ተክለጻድቅ ከሞተ ወዲህ ኑሮዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱቅ ወንበር ወደ ቤት ወንበር ነበር፤ ክብደቷም መቶ ስምንት ኪሎ ገባ። ጉልበቷን ልትታይ በሄደችበት ሆስፒታል ሃሌሉያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አግኝታት ለጥናቷ መዘገበቻት፤ ደሟንም ወሰደች።

"እትዬ ጽጌ፣ የሆድ ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም" አለቻት። "ብግነት የሚያስነሳ ነገር ወደ ደም ይለቃል። አመድ ውስጥ እንዳለ ፍም ነው፤ ሳይታይ ልብንም ይጎዳል። ሦስት ወር፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ። ኪሎው ባይቀንስ እንኳ ፍሙ ሊበርድ ይችላል።"

ተክለጻድቅን የወሰደው የልብ ሕመም ነበር። ጽጌማርያም ፈራች፤ ፈረመች።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ አሰፋች ደጃፏን ስትጠርግ አየቻት።

"ማን ሞተ?"

"የተክለጻድቅ አክስት" አለች ጽጌማርያም ሳታስበው። "ለቅሶው ገደብ ነው። ወደ መናኸሪያ እየሄድኩ ነው።"

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን በማግስቱ ከበደ። ከሰዓት በኋላ አሰፋችና የዕድሩ ሴቶች ንፍሮ ይዘው ቤቷን ሞሉት። አንዷ የተክለጻድቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሌላዋ ጓዳ ገብታ ብርጭቆ አጠበች። ያ ጭር ያለ ቤት ሰው ሰው ሸተተ። ጽጌማርያም አለቀሰች፤ እንባዋ እውነተኛ ነበር። ዝም ብትል ነገም ከነገ ወዲያም ይመጡላት ነበር። ግን አሰፋች አብራት ስታለቅስ ስታይ አልቻለችም።

"የሞተ ሰው የለም" አለች። "ለውፍረቴ ነው የምራመደው። መሳቂያ እንዳልሆን ብዬ ዋሸሁ።"

ማንም አልሳቀም። "በሞት ይቀለዳል?" አለች አሰፋች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ንፍሮው ሳህኑ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቃት ጠፋ። አሰፋች ስታያት መጥረጊያዋን ይዛ ትገባለች። ጽጌማርያም በዝናቡም በጭቃውም ብቻዋን ተራመደች። እሑድ እሑድ፣ ሱቅ በማይከፈትበት ቀን፣ ከአፏ አንድ ቃል ሳይወጣ ይመሻል። ጉልበቷ ሻል ሲላት ብቸኝነቱ ባሰባት። ሁለት ጊዜ ልተወው አለች፤ ግን የምትጠብቃት አንዲት ሃሌሉያ ብቻ ስለሆነች፣ እሷንም ላለማጣት ቀጠለች።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ሚዛኑ የቀነሰው አንድ ኪሎ ብቻ ነበር። ጽጌማርያም አንገቷን ደፋች። ሃሌሉያ ግን የደሟን ውጤት አሳየቻት።

"ይኸው ብግነቱ፤ በግማሽ ወርዷል። የሁሉም ሰው እንዲህ አይወርድም። በሉ፣ ለቤት ሰው ያብስሩ።"

ጽጌማርያም አመስግና ወጣች። የቤት ሰው! ወረቀቱን በእጇ እንደያዘች በእግሯ ተመለሰች። ሱቋን አለፈች፤ የራሷንም በር አለፈችና የአሰፋችን አንኳኳች።

"ዛሬስ ማን ሞተ?" አለች አሰፋች በሩን ገርበብ አድርጋ።

"ማንም። ደህና ነሽ ተባልኩ፤ የምነግረው ሰው አጥቼ መጣሁ።"

አሰፋች ወረቀቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የጽጌማርያምን ፊት አየች።

"ያን ቀን እንዲህ ብለሽ ብትመጪ ምን ነበረበት?" አለችና አብራት ልትወጣ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አነሳች።