ለአረፋ የተቀመጠው ቪዲዮ

ረቢያ ለሥራ በሄደችበት ሪያድ ድንገት ታማ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። ለእናቷ ለዘሀራ የቀረላት ስልኳ ላይ ያለ አንድ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው የመጣው ከመርዶው በፊት በነበረው ጁምዓ ነበር። ዘሀራ ያን ቀን ካርድ አልነበራትም። ሞልታ ልትከፍተው ስትል መርዶው ቀደማት።

ያልተከፈተ ቪዲዮ ጭጋግ የለበሰ መስታወት ይመስላል። ከጭጋጉ ኋላ የረቢያ ፊትና ብርቱካናማ ሻሿ፣ መሀሉ ላይ ወደ ታች የምታመለክት ቀስት።

«ኧረ ክፈቻት!» አለች ጎረቤቷ መቅዲ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ። «እንደ ማሽላ ማኖሪያ ጉድጓድ አፏን ደፍነሽ ልታኖሪያት ነው?»

«ጉድጓድ ካልተከፈተ መቼ ይነቅዛል? የሚያልቀው ሲከፈት ነው። ለአረፋ ነው የማቆያት። አረፋን ያለ ድምጿ ውዬ አላውቅም።»



ዘሀራ ስልኩን በሻርፕ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አኖረችው። ሐይቁ ዳር ወዳለው ማሳዋ ስትወርድ አትይዘውም፤ ውሃ ቢነካውስ? ስልኩን ከጠበቀች ልጇንም የጠበቀች መስሏታል። ይህን እምነት ያስያዘቻት ሁለተኛ ልጇ ሪታጅ ናት። ደሴ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት ቪዲዮ በራሱ እየወረደ ካርድ እንዳይበላ ስልኩን አስተካክላላት ነበር።

«ይቺን ቀስት ትነኪያለሽ፣ በቃ» አለቻት ያኔ።

«እስክነካት የት ነው የሚቆየው?»

«ስልክሽ ውስጥ ነዋ እማየ! ይሄን ማወቁ ምን ያደርግልሻል?»

አረፋ ደረሰ፤ ሪታጅም መጣች። ከሶላት መልስ እናትና ልጅ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዘሀራ ጣቷን በሻርፑ ጠርጋ «ቢስሚላህ» አለችና ቀስቷን ነካች። ክብ ነገር ትንሽ ዞረ፣ ቆመ። ጽሑፍ መጣ።

ዘሀራ ፊደል አልቆጠረችም። «ምን አለች?»

ሪታጅ ደግማ ነካችው። ኔትወርኩን አየች፤ ሙሉ ነው። እንደገና ነካችው።

«አንቺ! ምን ይላል እኮ ነው የምልሽ?»

«ቪዲዮው የለም ይላል። ላኪውን... ላኪውን እንደገና እንዲልክልዎ ይጠይቁ።»

«ማንን?»

ደጅ ላይ የዘሀራ ወንድም ካሊድ ቢላውን እየሳለ ተጣራ፦ «የታላችሁ? በጉን ልጣለው?»

«ስልኩ ውስጥ ነው ብለሽኝ?»

«አልነበረም እማየ። ሩቅ አገር፣ መልእክቱን የሚያደርሰው ድርጅት ማሽን ላይ ነው የሚቀመጠው። ካላወረድሽው ቀኑ ሲደርስ ይሰርዙታል።»

«ጠይቄሽ ነበር» አለች ዘሀራ። አልጮኸችም።

ስልኩን ከልጇ እጅ ወሰደች። ደብዛዛዋ ረቢያ አሁንም አለች። ልትዳብሳት አውራ ጣቷን ዘረጋችና፣ የባሰ እንዳታጠፋ ፈርታ ሰበሰበችው።

«ይቺስ? ይቺም ቀን አላት?»

«አላውቅም» አለች ሪታጅ።