የሦስተኛው ፎቅ መዘውር

እኔ ሳይደርስብኝ የማለቅስ ሴት ነኝ። ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው ብዬ ነው የማነሳው። ስለዚህ ልጄ በሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «ውሃውን እኔ እከፍታለሁ» ያለች ቀን እጇን ይዤ ላወርደው ምንም አልቀረኝ።

ልጄ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት ጀመረች፤ ሁለት ጊዜም ሆስፒታል ተኛች። አንድ ቀን በፒጃማ ደረጃው ላይ ቆማ ስትጮህ ሕንፃው በሙሉ በሩን ከፍቶ አይቷታል። አሁን መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ድምፁም አልፎ አልፎ ካልሆነ አይመጣም። ጎረቤት ግን ያየውን አይረሳም። በደረጃ ስትወርድ ልጆቻቸውን ወደ ግድግዳ ሳብ ያደርጋሉ። እሷ አጠገቤ ቆማ እኔን «እንዴት ናት?» ብለው ይጠይቁኛል።

ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚመጣልን፤ ለሁሉም ፎቅ አንድ ላይ አይበቃም። አንድ ሰው በጠዋት ተነስቶ፣ ምድር ቤት ያለውን ሞተር አስነስቶ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር ይሞላል። ከዚያ በየፎቁ ደረጃ ላይ ያለውን መዘውር ለአርባ ደቂቃ ከፍቶ ይዘጋል፤ ወደሚቀጥለው ይወጣል። ይህን ይሠራ የነበረው ዘበኛ ከለቀቀ ወዲህ ሥራውን የሚፈልግ ሰው አልተገኘም።

«መድኃኒቱ በጊዜ ያስተኛኛል፤ በጊዜ እነቃለሁ» አለች ልጄ። ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ፣ ሌላ እጅ ፈለጉ። ሲያጡ የሞተር ቤቱን ቁልፍ ሰጧት። በክር አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀችው።

የራሷን አሠራር አወጣች። በየመዘውሩ አጠገብ የከፈተችበትንና የዘጋችበትን ሰዓት ግድግዳው ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። ስትዘጋ መዳፏን ቧንቧው ላይ ታደርጋለች፤ መንቀጥቀጡ እስኪቆም ንቅንቅ አትልም። ሳምንት ሳይሞላ ሰው ሰዓቱን በእሷ ማስተካከል ጀመረ። የውሃ ጎማውን በርሜል ውስጥ ከትቶ፣ በአርባ ደቂቃው ተማምኖ፣ በሩን ቆልፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን «እህቴ፣ ብዙ የማጥበው አለኝ፤ አሥር ደቂቃ ጨምሪልኝ» አለቻት።

«ለሁሉም አርባ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ከመንግሥት ትብሻለሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጄ ከሰው ጋር ስትስቅ ከሰማሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን «የፈሩት ይደርሳል» በሚለው ያደግኩ ነኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ከኋላዋ እከተላት ነበር። እሷ አንድ ፎቅ ስትወጣ እኔ ከታች ደርሼ የዘጋችውን መዘውር በሁለት እጄ ጠበቅ አደርጋለሁ። ሰባት ሳምንት ሙሉ አንዱንም ላልቶ አላገኘሁትም። አርፌ መተው ነበረብኝ። አላረፍኩም።

በስምንተኛው ሳምንት ረቡዕ የሦስተኛው ፎቅ መዘውር እሺ ብሎ ዞረልኝ። ረስታዋለች ማለት ነው። እስኪጠነክር አዞርኩትና ሳልነግራት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በሽታው ሊመለስ ነው፤ እኔ ባልደርስ ምን ይውጣት ነበር እያልኩ ዋልኩ።

ስመለስ ደረጃው ውሃ በውሃ ሆኗል። ሦስተኛ ፎቅ በሚኖረው ሹፌር ቤት በርሜሉ ሞልቶ፣ ፈስሶ፣ ውሃው ታንከሩ እስኪደርቅ ድረስ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲወርድ ነው የዋለው። እሷ ገበያ ውላለች፤ ለትምህርት ቤት የሰፋቻቸው ሠላሳ ነጭ ሸሚዞች ከሰማያዊ ሱሪዎች ጋር ተቆልለው ነበር። ሰማያዊው ለቆ ነጩ ዝንጉርጉር ሆኗል።

ቅዳሜ ምድር ቤት ኮሪደር ላይ ተሰበሰብን። «ማንንም ለመንካት አይደለም» አሉ ሊቀመንበሩ። «ግን ጤና የሌለው ሰው ላይ ኃላፊነት መጫን ለራሱም አይበጅም። ወይ ቁልፉን ትመልስ፣ ወይ ከሐኪም ወረቀት ታምጣ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

«ጋሼ፣ ያለሁት እዚህ ነው» አለች ልጄ። «ሦስተኛውን አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ዘግቻለሁ። ተጽፏል።»

«በጠመኔ መጻፍ ማንን ያቅተዋል» አለ ሹፌሩ።

«እሺ፣ ጠመኔውን ተወው። ማክሰኞ ቧንቧ ሠራተኛው አዲሱን መዘውር ሲገጥም አጠገቡ ቆሜ ነበር። እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ የሚዘጋው ወደ ግራ ነው። ወደ ቀኝ ያዞረው ሰው ይከፍተዋል። ረቡዕ ዘግቼ መንቀጥቀጡ እስኪቆም ጠብቄያለሁ። ከእኔ በኋላ ሰው ነክቶታል።»

ጉልበቴ ላይ ያሉትን እጆቼን አየኋቸው። ያዞርኩት ወደ ቀኝ ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅም። ቁልፉን ትመልሳለች፣ ቤት ትቀመጣለች፣ እኔም እፎይ ብዬ እተኛለሁ። ይህን ማሰቤን አልደብቅም። ከዚያ አንገቷን ሳይ ቁልፉን በጣቷ ጨብጣ ይዛዋለች።

ተነሳሁ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ አዘኑልኝ። «እናት አይደለሽ፤ ይገባናል። ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። በካልሲ እየተከተልኳት በየፎቁ አጠብቅ ነበር። ረቡዕ ሲዞርልኝ እሷ የረሳችው መሰለኝ።»

ልጄ ዞራ አየችኝ። «ስንት ቀን ነው የተከተልሽኝ፣ እማ?»

«ሁሉንም ቀን።»

ፊቷን ከእኔ መለሰች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ። «እንግዲህ ወረቀቱን ከእኔ ጠይቁ፣ ጋሼ። እርስዎም አምና ሞተሩን ያለ ውሃ አስነስተው አቃጥለውት ሳምንት ሙሉ በጀሪካን ተመላልሰናል። ጤናዎን የጠየቀዎት የለም። እሷ ስምንት ሳምንት አንዲት ደቂቃ አላዛነፈችም። ሁላችሁም ጎማችሁን በርሜል ውስጥ ትታችሁ ስትወጡ አምናችኋታል። ያላመናት አፋችሁ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ የምፈልገው ወረቀት አይደለም፣ ነጭ ሸሚዝ ነው። ጥፋተኛዋ ከታወቀች መጥታ ትጠብልኝ።»

ሹፌሩ እንኳን ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም። «ድንገት ቢያማትስ?» አሉ፤ አሁንም እኔን ነበር የጠየቁት።

«ያመኝ ይሆናል» አለች ልጄ። «ሲያመኝ ቁልፉን አምጥቼ እሰጥዎታለሁ፤ ሲሻለኝ እቀበልዎታለሁ። ዘበኛው ወገቡን ሲያመው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ወረቀት ግን አላመጣም።»

እጅ ወጣ። አሥራ አንድ ለስድስት ቁልፉ ከእሷ ጋር ቀረ። ሊቀመንበሩ ከስድስቱ አንዱ ነበሩ።

ደረጃውን እስከ ሦስተኛው ፎቅ ቀድማኝ ወጣች። እዚያ ስንደርስ ጠመኔዋን አውጥታ ከመዘውሩ በላይ ወደ ግራ የሚያሳይ ትልቅ ቀስት ሳለች። «ሰኞ ከኋላዬ ኮሽ ካልሽ ቁልፉን ላንቺ ሰጥቼ እኔ እተኛለሁ» አለችኝ። አልሳቀችም።

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ቤት ጎንበስ ብዬ ሸሚዝ ሳሽ ውሃው ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ የግድግዳ ሰዓቷን አየች። «አርባ። ሂጂ አጠብቂው እንጂ።»

«አልሄድም።»

እጄ ሳሙና እንደሆነ መዳፌን ቧንቧው ላይ አደረግሁ። ስምንት ሳምንት ስከተላት ይህን አንድም ቀን አላደረግሁትም ነበር። አይንቀጠቀጥም። በደረጃው ወደ ሦስተኛው ስትወጣ ጫማዋን ሰማሁ። ተረከዜ ተነሳ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ክፉ ቀን ይመጣ ይሆናል። እኔ እንደሆንኩ መፍራቴን አልተውኩም። ሲመጣ ግን ልጄን ጓዳ ተደብቃ አያገኛትም፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ያገኛታል።