ኤርሊንግ ያወራ ቀን

ባሌ ኤርሊንግ አንደበቱ የተያዘ ጠዋት፣ እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እንቁላሌን እየበላሁ ምንም አላወቅሁም። እስቲ ፍረዱኝ፤ በምን ልወቅ? እኛ የሰሜን ሚኒሶታ ገበሬዎች፣ በተለይ ዘራችን ከኖርዌይ የሆነው፣ ወሬ አልፈጠረብንም። የኤርሊንግ ቤት ደግሞ ይብሳል። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሠርጋችን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ የተናገሩት «ይበቃኛል» የሚል አንድ ቃል ነው። እሱም ድንች ሲጨመርላቸው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ልክ ነው፤ ግን የሚወጣም ነገር የለም። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር «እወድሻለሁ» ሲል አልሰማሁም። እንደሚወደኝ አውቃለሁ። በበረዶ ወራት ገና ሳልነሳ መኪናዬን ያሞቅልኛል። ቢሆንም ጆሮም እኮ ይርበዋል!

ያን ዕለት አንድ ነገር መኖሩን ያስጠረጠረኝ ውሻችን ነው። ኤርሊንግ ቃል የሚሰስተው ለሰው እንጂ ለውሻው አይደለም። ጠዋት ጠዋት «አንተ ሰነፍ፣ ዛሬም ላሞቹን እኔው ልንዳልህ?» እያለ ሲቀልድበት እሰማለሁ። ያን ቀን ግን ውሻው አጠገቡ ቆሞ አፍ አፉን ቢያየውም ምንም አላለውም። ቀና ስል ማንኪያው ከቀኝ እጁ ወድቋል።

«ኤርሊንግ!» አልኩ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ሮጬ ስልክ አነሳሁና አምቡላንስ ጠራሁ።

አምቡላንሱ ሲደርስ አንደበቱ ተመልሶ «ለምን ሰው ታስቸግሪያለሽ?» እያለኝ ነበር።

«ሳይናገሩ ምን ያህል ቆዩ?» አለኝ ባለሙያው።

ምን ልበለው? «ከማክሰኞ ጀምሮ» አልኩት። የቀለድኩበት መሰለው።

ሆስፒታል አንገቱን ቅባት ቀብተው በአልትራሳውንድ አዩት። ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ኖቫክ በግራ አንገቱ በኩል ደም ወደ አንጎል የሚወስደውን ትልቁን የደም ሥር በስክሪን አሳየችን። ውስጡ ስብ ተጋግሮበት፣ የቀረችው መተላለፊያ ክር ታክላለች።

«የዛሬው ማስጠንቀቂያ ነው» አለች። «ከዚህ ላይ ትንሽ ፍርፋሪ ተነስታ ወደ አንጎል ሄዳ ነበር፤ ደግነቱ ሟሟች። ትልቅ ስትሮክ ከመጣ ግን ንግግራቸውን ጨርሶ ሊወስድ ይችላል። ከፍተን እንጥረገው።»

«ኦፕራሲዮኑ ራሱስ አደጋ የለውም?» አልኳት።

«አልዋሽዎትም፣ እሱም ጥቂት አደጋ አለው። ለዚህ ነው የማናስተኛቸው። አንገታቸውን ብቻ እናደነዝዛለን። ሥሩን ቆንጥጠን ስንይዝ፣ ደም በሌላ በኩል ለአንጎላቸው መድረሱን የምናውቀው ሲያወሩ ነው። ቀኝ እጃቸውም ሲጨመቅ ሲጥ ሲጥ የሚል የላስቲክ ዳክዬ ይይዛል። ሁለቱም ዝም ካሉ ደም አጥሯል ማለት ነው፤ ቶሎ ደም የሚያሳልፍ ቱቦ እናስገባለን። ስለዚህ አባባ፣ ያውሩ። ሳያቋርጡ ያውሩ።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። «ልጄ፣ የሚያወራ ሰው ከሌላ ቦታ ብታስመጪ ይሻልሻል» አልኳት። ኤርሊንግ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

አልጋውን ሊገፉት ሲሉ እጁን ያዝኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ስማኝ። ስለ ትራክተርህም ይሁን፣ ስለ ዝናብም ይሁን፣ አውራ። እዚያ ገብተህ እንደ አባትህ ብትዘጋቸው አልምርህም።»

«እሺ» አለኝ። ተስፋዬ ሁሉ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ማረፊያው ክፍል ተቀምጬ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። በመጨረሻ ሎሬታ የምትባለው ነርስ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«ዝም አለ አይደል?»

«ዝም? ኧረ እናቴ! መጀመሪያማ አስደንግጠውን ነበር። አየሩ እንዴት ነው ስላቸው ‹ደህና ነው› አሉና ጭጭ። ዳክዬውም ጭጭ። ዶክተሯ ቱቦውን ልታስገባ ስትል ዳክዬውን ሲጥ አደረጉና ‹ቆይ፣ እያሰብኩ ነው። ባለቤቴ አውራ ብላኛለች› አሉ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው! ተጠርጎ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አወሩ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ እርስዎ። ስለ ሕፃኗም ጭምር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስም አውጥተውላት እንደነበር ያውቃሉ?»

የመጀመሪያ ልጃችን ሞታ ነው የተወለደችው። ቀብረናት ስንመለስ ኤርሊንግ አንድ ቃል አልወጣውም፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዘጋሁት። ያለ ስም የሄደች ነበር የመሰለኝ።

«ማን አላት?»

«እሱንስ ከእሳቸው ይስሙት» አለችኝ።

ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። አዎ፣ ቀናሁ! ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩትን ነገር ጭምብል ያደረገ ባዕድ ሁሉ ሰምቶታል።

ስገባ አንገቱ በፋሻ ተሸፍኖ ተኝቷል። ዶክተር ኖቫክ ኦፕራሲዮኑ እንደተሳካ ነገረችኝ። ድምፁን የሚያሠራው ነርቭ ትንሽ ስለተነካ ጎርነን ብሏል፤ ሲውል ሲያድር ይመለሳል፤ ለዛሬ ግን ባይናገር ይሻላል ብላ ወጣች።

ኤርሊንግ አየኝ። «አርዲስ» አለኝ፣ እንደ ሹክሹክታ። «መጀመሪያ መስማት የነበረብሽ አንቺ ነበርሽ።»

«አትናገር ተብለሃል እኮ።»

«በእናትሽ ስም ሶልቬግ ነው ያልኳት። ፀጉር ነበራት። አንቺን አላሳዩሽም፤ እኔ አቅፌያታለሁ።»

«ዝም በል፣ ኤርሊንግ» አልኩት። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ብዬው አላውቅም። እሱ ግን አልሰማኝም፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ቀጠለ። እኔም ወንበሬን አስጠግቼ ጆሮዬን ወደ አፉ አቀረብኩ።