የውዳሴ ክራንቻ

እኔ ማስተዋል፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። የዚያን ዕለት ደግሞ የሚኒባሱ ወንበር እሳት ሆነብኝ። ከባሕር ዳር እየተመለስን ሐሙሲትን ሳናልፍ ባሌ ያየህ ደወለ።

«የኔሰው ተቅማጡ ብሶበት እማ ይዛው ጥሩብርሃን ዘንድ ሄዳለች። ግግ ነው ትላለች።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«ሩዝ እያረምኩ ነዋ። ከእናቴ ጋር ልታገል?»

ዘጋሁበት። የኔሰው፣ ትንሹ ልጄ፣ ገና የሰባት ወር ጨቅላ ነው። ጥሩብርሃን ደግሞ ግግ አውጪ ናት፤ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱን በወስፌ ፈልፍላ፣ ያልበቀለውን የወተት ጥርስ «ትሉ ይኸውላችሁ» ብላ ታሳያለች።

አጠገቤ ልጄ ውዳሴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጥርሷን ገልጣ ስትስቅ ያየ የለም። የላይኛው ክራንቻዋ በአንድ በኩል ጭራሽ አልበቀለም፤ የቀሩት ወደ ክፍተቱ ተጋድመው አፏን ስትገጥም መንጋጋዋ ወደ ጎን ይሄዳል። አማቴ እማማ ደብሬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ዘር ከልጓም ይስባል፤ የእናቷ ወገን መንጋጋ ነው» ሲሉ ኖረዋል። እኔም የሟች አባቴን መንጋጋ እያሰብኩ አምኜ መኖሬ ያንገበግበኛል።

ለካ ነገሩ ሌላ ኖሯል። ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ራጁን እያየ «የጥርስ መጣመም መንገዱ ብዙ ነው» አለኝ። «መንጋጋ በዘር ጠቦ ጥርስ የሚደራረብበት አለ፤ የታችኛው መንጋጋ ቀድሞ የሚወጣበት አለ፤ ጣት ሲጠባ አድጎ የፊት ጥርሱ የሚገፋበትም አለ። የእሷ ግን አንዱም አይደለም። ሕፃን ሳለች ግግ አስወጥታችኋል?»

አስወጥተናል። ጡት ላይ ሳለች አማቴ ወስደዋት ነበር። ወስፌው ከወተት ጥርሷ በላይ ተኝቶ የነበረውን የዋናውን ጥርስ ዘር አብሮ ነቅሎታል።

ወረታ እንደደረስን ባጃጅ ያዝን። ክረምት ስለሆነ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል፤ ባጃጁ ከሩዝ ማሳው አጠገብ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሹፌሩ «ትንሽ ታገሽ፣ እንገፋዋለን» አለኝ። ለማን ነው ታገሽ የሚለው? ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ውዳሴ ቀድማኝ ሮጠች።

ጥሩብርሃን ቤት ስንገባ ወስፌዋን እሳት ላይ ይዛለች። እማማ ደብሬ የኔሰውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ራሱን ይዘውላታል።

«እማ፣ ልጄን ይስጡኝ።»

«ልጁ ሲያልቅ ዝም ብዬ ልይ? እነ ያየህን ሁሉ አስወጥቼ ነው ያሳደግኩ።»

«ውዳሴንም አስወጥተዋል።»

«ውዳሴ ወዳንቺ ወገን ነው የወጣች።»

አፌ ላይ የመጣውን ስድብ እግዜር ያዘልኝ። ይኼኔ ውዳሴ ነጠላዋን ጥላ ከአያቷ ፊት ተንበረከከች። ከእኔ እንኳ የምትደብቀውን አፏን ከፈተችላቸው።

«እዚህ ጋ ነበር፣ እማማ» አለች በጣቷ እያሳየች። «ሐኪሙ በራጅ አሳይቶኛል። ያኔ ነው ከነዘሩ የወጣ። የኔሰውም እንደኔ አፉን ሸፍኖ ይኑር?»

እማማ ደብሬ አፏን ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ሰደው ክፍተቱን ዳሰሱት።

«ሁሉም እንዲህ አይሆንም እኮ» አለች ጥሩብርሃን። እማማ ደብሬ የኔሰውን አንስተው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

ጤና ጣቢያ አብረውን መጡ። ነርሷ የተቅማጡን ዱቄት በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣው ጀመር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትኩሳቱ በረድ ብሎለት ተኛ። እኔ ግን መቀመጥ አቅቶኝ እንጎራደዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ለአማቴ የማወርደውን ቁጣ ሳዘጋጅ ነው የዋልኩት።

«ማስተዋል» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ሐኪሙ የውዳሴን ያበቅልላት ይሆን?»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«የቀሩትን በሽቦ አስሮ ያቀናቸዋል። እሱ ግን አይበቅልም፣ እማ። ዘሩ የለም።»

እማማ ደብሬ ነጠላቸውን ስበው፣ ልክ ውዳሴ እንደምታደርገው፣ አፋቸውን ሸፈኑ።