የቄሱ አረፋ

«አልፈረሰም!» አለች ዲሊስ በወጥ ቤቱ መስኮት።

ጎረቤቷ ክሌም ከአጥሩ ወዲያ ቀና አለ። «እሰይ! እኔማ በዚህ ንፋስ የዶሮ ቤትሽ ግድግዳ አለቀለት ብዬ ነበር።»

«የዶሮ ቤቱን ማን አነሳ? ፖሙ ነው እንጂ!»

ክሌም ጓንቱን አውልቆ ገባ።

ከጣደችው ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ የፖሙ ቁራጮች ግን እንደተከተፉ ድስቱ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። «የቄሱ አረፋ» የሚባለው የፖም ዓይነት ቢሆን ኖሮ ውሃው ገና ሳይፈላ ይፈርስ፣ ነጭ አረፋ ሆኖ ክዳኑን ያነሳ ነበር። ስሙንም ያገኘው በዚሁ ነው። ትልቅ፣ አረንጓዴ፣ አንድ ጎኑ የተጨፈለቀ የሚመስል ፖም ነበር፤ ጥሬውን የነከሰ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይቀራል። በገለባ ተሸፍኖ እስከ መጋቢት ሲቆይ ቆዳው ቅባት ይይዛል። በዚህ የሄርፎርድሺር ሸለቆ የቀረው አንድ ዛፍ የዲሊስ አባት ግቢ ውስጥ ነበር። ሥሩን ሻጋታ በልቶት ከመውደቁ በፊት ክሌም አንድ ቀንበጥ ቆርጦ በሌላ የፖም ችግኝ ላይ ሰካና አሰረው። ሰባት ዓመት ጠበቁ። ዘንድሮ አፈራ፤ አራት ፖም።

«እሳቱ አንሶት ይሆናል» አለ ክሌም።

«ስልሳ ዓመት ፖም ቀቅያለሁ፤ አሁን አንተ እሳት ልታስተምረኝ ነው?»

«እሺ፣ አትቆጪ። ምድጃሽ እንዳንቺው አመለኛ ስለሆነ ነው።»

አልሳቀችም። ማንኪያውን ሰጠችው። ቀመሰው፤ ጎምዛዛ እንኳ አልነበረም። የረጠበ እንጨት የረጠበ እንጨት ይላል።

ወጥተው ዛፉ ሥር ተንበረከኩ። ክሌም ሣሩን በጣቶቹ ገለጠው። ያኔ ያሰረበት ጥቁር ላስቲክ እዚያው አለ፤ የያዘው ግን ጣት የምታክል ደረቅ ጭራሮ ነው። ዛፉ የበቀለው ከላስቲኩ በታች፣ ከችግኙ ከራሱ ነበር።

«መቼ ነው የሞተው?» አለች።

«በመጀመሪያው ብርድ ይመስለኛል። ከታች ያቆጠቆጠውን መቁረጥ ነበረብኝ። ሣሩ ሸፍኖት... አላየሁም፣ ዲሊስ።»

ሌላ ቦታ የቄሱ አረፋ ይኖር እንደሆነ አልጠየቀችውም። በየመንደሩ ዞረው ከጨረሱ ቆይተዋል።

«ተነስ በል፤ ጉልበትህ ረጠበ» አለችው።

ሰኞ ዕለት ክሌም ዛፉን ቆረጠው። ብርዱ ሲያልፍ ቦታው ላይ ድንች ተከሉ።